ባለ 30 ጥያቄው ወረቀትና የእናትሽ 58 ነጥብ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ 57 ዓመቷ ነው። የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። አሁን በየ21 ቀኑ ኬሞ ትወስዳለች። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለፈው ቀጠሮ ነርሷ 30 ጥያቄ ያለው ወረቀት ሰጠቻት፤ ወንድሜ ሞላላት። ውጤቱ አጠቃላይ 58፣ ድካም 78 ነው ተባልን። ድካሙ ጥሩ ነጥብ ያገኘች መሰለኝ። አጠቃላዩ ግን ያለፈው ወር 67 ነበር። በሽታው እየባሰ ነው ማለት ነው? ደግሞስ የሰው ኑሮ በቁጥር ይለካል? እናቴ በበኩሏ “ችግሬን ካበዛሁት መድኃኒቱን ያቆሙብኛል” ብላ ትፈራለች። ምን ልበላት?

ምላሽ፦

እህቴ፣ እንቅልፍ የነሳሽን ነገር አስቀድሜ ልመልስልሽ። 58 ማለት በሽታው ብሷል ማለት አይደለም። ያ ወረቀት ዕጢ አይለካም። ዕጢው የሚታወቀው በምርመራ ነው፤ በሐኪሙ እጅ፣ በአልትራሳውንድ፣ በሲቲ ስካን፣ በፓቶሎጂ። ወረቀቱ የሚጠይቀው እናትሽ ባለፈው ሳምንት እንዴት ውለው እንዴት እንዳደሩ ነው። ሁለቱ አንዳንዴ አብረው ይሄዳሉ። አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ አይገናኙም። መድኃኒቱ ዕጢውን በደንብ እየመታው ሰውየው ግን ከአልጋ መነሳት የሚያቅተው ሳምንት አለ። ኬሞ ላይ ይሄ በየጊዜው የማየው ነገር ነው።

ድካም 78 ግን ጥሩ ነጥብ አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ አንቺም ብቻሽን አይደለሽም። በዚህ መጠይቅ ቁጥሮቹ በሁለት አቅጣጫ ነው የሚነበቡት። አቅምን የሚለኩት፣ ማለትም መንቀሳቀስ፣ ሥራ መሥራት፣ ስሜት፣ ማስታወስና ከሰው ጋር መኖር፣ ከፍ ሲሉ ጥሩ ነው። ስቃይን የሚለኩት ግን ከፍ ሲሉ መጥፎ ነው። ሕመም፣ ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ድርቀት፣ ተቅማጥ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የገንዘብ ችግር እዚህ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ድካም 78 ማለት እናትሽ ባለፈው ሳምንት በጣም ደክሟቸው ነበር ማለት ነው። እኔ ብሆን ዓይኔ የሚያርፈው 58ቱ ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው። ምን መደረግ እንዳለበት ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ወረቀቱ እጃችሁ የገባው ማንም ቁጭ ብሎ ሳያስረዳችሁ ይመስለኛል። ከገለጻሽ እንደተረዳሁት እኛ በአጭሩ “ሲ-30” የምንለው መጠይቅ ነው። ያዘጋጀው የአውሮፓ የካንሰር ምርምርና ሕክምና ድርጅት ነው፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1993። የካንሰር ሕመምተኞችን የሕይወት ጥራት ለመለካት በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ ነው። በአማርኛ ተተርጉሞ፣ በአገራችን የጡት ካንሰር ባለባቸው ሴቶች ላይ ተሞክሮ፣ አስተማማኝነቱ ተፈትሿል። ስለዚህ ከሜዳ የመጣ ወረቀት አይደለም።

ከ30ዎቹ 28ቱ አራት ዓይነት መልስ ነው ያላቸው፤ ከ“በጭራሽ” እስከ “በጣም”። ከ1 እስከ 4 ይቆጠራሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን ከ1 እስከ 7 ናቸው። አንደኛው ባለፈው ሳምንት ጤናዎ በአጠቃላይ እንዴት ነበር ይላል። ሌላው የሕይወትዎ ጥራት በአጠቃላይ እንዴት ነበር ይላል። 1 በጣም መጥፎ፣ 7 እጅግ በጣም ጥሩ። የእናትሽ 58 የመጣው ከነዚህ ከሁለቱ ብቻ ነው። አንዱን 4፣ አንዱን 5 ብለው ይሆናል። አማካዩ አራት ተኩል ነው። ከሱ ላይ 1 ይቀነሳል፣ ለ6 ይካፈላል፣ በ100 ይባዛል። 58.3 ይመጣል። ያለፈው ወር 67 የሚመጣው ሁለቱም 5 ሲሆኑ ነው።

አየሽ? ከ67 ወደ 58 የወረደው አንዱ ጥያቄ ላይ አንዲት ቁጥር ዝቅ ስላለች ነው። በእስክሪብቶ የተከበበች አንዲት ቁጥር። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት ሕመምተኞቹን ራሳቸውን ጠይቆ ነበር። ከ5 እስከ 10 ነጥብ የሚሆነው ለውጥ “ትንሽ” ሆኖ ይሰማቸዋል። ከ10 እስከ 20 መካከለኛ፣ ከ20 በላይ ደግሞ ትልቅ። የእናትሽ ለውጥ ከትንሹ ነው። ያም ሆኖ እንደ ቀልድ አይታለፍም፤ ምን ተለወጠ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሌሊቱን ሙሉ አልቅሰሽ የምታድሪበት ግን አይደለም። በነገራችን ላይ ስለ እንቅልፍ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ስለሆነ፣ መልሱ አንድ ደረጃ ሲለወጥ ነጥቡ በ33 ይዘላል። ቁጥሩ ትልቅ ሲመስል ከጀርባው ስንት ጥያቄ እንዳለ ጠይቂ።

“የሰው ኑሮ በቁጥር ይለካል ወይ?” ብለሻል። ልክ ነሽ፣ ሙሉ በሙሉ አይለካም። እናትሽ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ የሚሰማቸውን፣ ጎረቤት ቡና ሲጠራቸው የሚታያቸውን ደስታ ከ1 እስከ 7 ላስቀምጠው ብል እኔም አይዋጥልኝም። ግን ከዚህ ወረቀት በፊት ምን ነበር መሰለሽ? እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሐኪሞች “ካርኖፍስኪ” የሚባል መለኪያ ነበራቸው። ከ0 እስከ 100፣ በየአሥሩ። 100 ማለት ምንም የለበትም፣ 50 ማለት ብዙ እርዳታ ያስፈልገዋል። ቁጥሩን የሚሰጠው ሐኪሙ ነው። ዛሬም ከሱ ያጠረውን፣ ከ0 እስከ 5 ያለውን፣ ካርዱ ላይ እንጽፋለን። ጠቃሚ ነው። ግን በሽተኛው ክፍሉ ውስጥ አሥር ደቂቃ ተቀምጦ ሳለ እኔ በዓይኔ ያየሁት ነው። ሌሊቱን አላየሁትም። መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ ግድግዳ ተደግፈው እንደሚሄዱ አላየሁም። ሐኪሞች የሕመምተኛን ስቃይ ከትክክለኛው አሳንሰን እንደምንጽፍ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። የሲ-30 ትልቁ ነገር እስክሪብቶውን ከኔ እጅ ወስዶ ለእናትሽ መስጠቱ ነው።

ለዚህ ነው ወንድምሽ ሞላላቸው ስትይ ቆም ያልኩት። ለመርዳት ብሎ እንዳደረገው አውቃለሁ። ማንበብ የሚያስቸግራቸው ከሆነ ሌላ ሰው ጥያቄውን እንዳለ ማንበቡ፣ መልሱን እንደተናገሩት መክበቡ ችግር የለውም። ችግሩ ልጅ ሲያነብ ሌላ ነገር ይጨምርበታል። “እማዬ፣ ሕመምሽ ደህና ነው አይደል?” ይላል። እናትም ልጇን ታየዋለች። ከሥራ ቀርቶ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ወረፋ ይዞ፣ ዓይኑ ቀልቶ ተቀምጧል። “አዎ ልጄ፣ ደህና ነው” ትላለች። ወረቀቱ ላይ 1 ይከበባል። የተለካው ሕመሙ ሳይሆን የእናትየዋ ርኅራኄ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ ሌላ የኛ አገር ትልቁ ፈተና “ተመስገን” ነው። ክፉ ነገር ልል አይደለም። ተመስገን ውሸት አይደለም፤ ጸሎት ነው፤ ብዙ ሰው ይሄንን በሽታ የሚሸከመው በዚያች ቃል ነው። ግን “እንዴት ነዎት?” ለሚል ጥያቄ ሁሌም የምናገኘው መልስ እሱ ስለሆነ፣ ጥያቄው ምንም አይነግረንም። አንድ ቀን አንዲት እናት “እንዴት ሰነበቱ?” ስላቸው “ተመስገን” አሉኝ። “ሕመሙስ?” አልኩ። “እሱ ያውቃል፣ ተመስገን” አሉ። ከዚያ ከወረቀቱ ላይ አነበብኩላቸው፦ ባለፈው ሳምንት ሕመም የዕለት ሥራዎን አስተጓጉሎብዎታል? ትንሽ ዝም አሉ። “እሱማ እንጀራ መጋገር ካቆምኩ ሦስት ሳምንቴ” አሉ። ሦስት ሳምንት! አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን፣ ሦስት ጊዜ ተገናኝተን፣ አላወቅኩም ነበር። የተጻፈ ጥያቄ ጥቅሙ ይሄ ነው። “እንዴት ነዎት” አይልም። ስለ አንድ ነገር፣ ስለ አንድ ሳምንት ይጠይቃል።

ግን ወረቀቱም ዓይነ ስውር የሚሆንበት ቦታ አለ። አራተኛ ፎቅ እንደምትኖሩ ስትጽፊ ያስታወስሽኝን ልንገርሽ። ሲ-30 መጀመሪያው ላይ ስለ አቅም አምስት ነገር ይጠይቃል። ከባድ የገበያ ዘንቢል ወይም ሻንጣ መሸከም ያስቸግርዎታል? ረጅም መንገድ መሄድስ? ከቤት ወጥተው አጭር መንገድ መሄድስ? ቀን ላይ አልጋ ወይም ወንበር ላይ መዋል ያስፈልግዎታል? ለመብላት፣ ለመልበስ፣ ለመታጠብ፣ ለመጸዳዳት የሰው እርዳታ ያስፈልግዎታል? ስለ ደረጃ ግን አንድም ጥያቄ የለም። እንደናንተ ኮንዶሚኒየም ላይ የሚኖሩ አንዲት ሴትዮ ስለ መንገድ ስጠይቃቸው “አያስቸግረኝም” እያሉ ነጥባቸው ማለፊያ ሆነ። ፊታቸውን ሳይ አላመንኩም። “ለመጨረሻ ጊዜ ከቤት የወጡት መቼ ነው?” አልኳቸው። “ለቀጠሮ ካልሆነ ከፋሲካ ወዲህ አልወረድኩም።” “ታዲያ መንገድ መሄድ አያስቸግርዎትም?” “አልሄድማ ልጄ! ምኑ ያስቸግረኛል?”

ያልሞከሩት ነገር አያስቸግርም። ይሄ እናትሽ ላይም ደርሶ ከሆነ አላውቅም፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። ደረጃውን በስንት ዕረፍት ነው የሚወጡት? ሁለተኛው ፎቅ ላይ ይቆማሉ? ዕድር፣ ማኅበር፣ ለቅሶ መሄድ ትተዋል? ይሄንን ለነርሷ በቃል ንገሪያት። ወረቀቱ ላይ ቦታ ባይኖረውም ካርዱ ላይ ቦታ አለው።

ሌላው ወረቀቱ የሚስተው ነገር የሳምንቱ አቆጣጠር ነው። አብዛኞቹ ጥያቄዎች “ባለፈው ሳምንት” ይላሉ። እናትሽ በየ21 ቀኑ ነው የሚወስዱት። ወረቀቱን የሚሞሉት ደግሞ ለቀጣዩ ኬሞ ሲመጡ ነው። ስለዚህ የሚጠየቁት ስለ ሦስተኛው ሳምንት ነው፤ ሰውነት ስላገገመበት፣ ምግብ መቅመስ ስለጀመሩበት፣ ከሦስቱ ስለሚሻለው ሳምንት። መድኃኒቱ በገባ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው፣ በአራተኛው ቀን የነበረው ትውከትና መፍዘዝ የትም አይጻፍም። አሁን አስቢው፤ በተሻለው ሳምንት ድካም 78 ከሆነ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ምን ይመስል ነበር? 78ቱን ቸል አልልም ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ከቃላቱም ጋር ትንሽ ግብግብ አለ። ድካምን የሚለኩት ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፤ ማረፍ አስፈለገዎት፣ አቅም አነሰዎት፣ ደከመዎት። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ “ያው አይደለም እንዴ ልጄ?” የሚሉኝ ብዙ ናቸው። የስሜት ጥያቄዎቹም እንደዚያው ናቸው። “ድብርት” ስትዪያቸው “የለብኝም” ይላሉ። “ሆድ ይብስዎታል?” ስትዪ ግን እንባ ይመጣል። ጾም ሲገባ ደግሞ ስለ ምግብ ፍላጎት የሚጠይቀው ይደበላለቃል። “ጾም ነው፣ አልበላሁም” ይላሉ፤ አልፈልግም ማለታቸው ይሁን አልችልም ማለታቸው አይለይም። እንደገና መጠየቅ ነው። አንድ የምወድለት ነገር ግን አለ። በ30ዎቹ ጥያቄዎች ውስጥ “ካንሰር” የሚል ቃል የለም። “የሰውነትዎ ሁኔታ ወይም ሕክምናዎ” ነው የሚለው። ቤተሰብ “እንዳትነግሯት” ብሎ የሚለምንበት አገር ላይ፣ ሰውን ሳያስደነግጡ ስለ ስቃዩ መጠየቅ መቻል ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን አንድ የሚከብደኝን ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ ቦታ ለጥናት ብለን እነዚህን ወረቀቶች እንሰበስብ ነበር። ሕመምተኛው ይሞላል፣ እኛ ፋይል ውስጥ እናስገባለን፣ ፋይሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል። ቁጥሮቹን ኮምፒውተር ላይ ለማስገባት ስቀመጥ አንዲት የማኅፀን በር ካንሰር ያለባቸው ሴት የሞሉት እጄ ላይ ወጣ። ሕመም 4። ሕመም ከሥራ አስተጓጎለዎት 4። እንቅልፍ 4። ቀኑን አየሁት። ከተሞላ 19 ቀን ሆኖታል። ጠይቀናቸዋል፣ ነግረውናል፣ ቆልፈንበታል። ስልካቸው ላይ ስደውል የያዙት ማስታገሻ ፓራሲታሞል ብቻ ነበር። በማግስቱ መጡ። ሞርፊን ሲሮፕ ተጀመረላቸው፤ ከሱ ጋር የሆድ ድርቀት መከላከያም፣ ምክንያቱም ሞርፊን ያደርቃል። በሳምንቱ ሌሊቱን መተኛታቸውን ነገሩኝ። እነዚያ 19 ሌሊቶች ግን ከአእምሮዬ አይወጡም። ከዚያ ወዲህ አንድም ወረቀት ሰውየው ከክፍሉ ሳይወጣ ሳላነበው አላስቀምጥም። እናንተም ብትሆኑ ሞልታችሁ ስትሰጡ “ማነው የሚያነበው? መቼ?” ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው። በትሕትና፣ ግን ጠይቁ።

የሚያነብ ሰው ሲኖር ምን እንደሚለወጥ በደንብ የታየው ኒውዮርክ፣ ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ በሚባል የካንሰር ሆስፒታል በተሠራ ጥናት ነው። 766 ሕመምተኞች ነበሩ፤ ሁሉም በሽታው የተሰራጨባቸው፣ ኬሞ የሚወስዱ። በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኞቹ የተለመደውን ክትትል አገኙ። ሌሎቹ ስቃያቸውን በኮምፒውተር በየጊዜው ይመዘግቡ ነበር፤ ሲብስባቸው ለነርሷ ወዲያው መልእክት ይደርሳታል። በመዝገቡ በኩል የነበሩት የሕይወት ጥራታቸው ከሌሎቹ የተሻለ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ውጤት ደግሞ በሕይወት በመቆየትም ልዩነት አሳየ፤ በመዝገቡ በኩል ከነበሩት ግማሾቹ ከ31.2 ወር በላይ ኖሩ፣ ከሌሎቹ ግን ግማሾቹ ከ26 ወር በላይ። መድኃኒቱ ያው ነው። የተጨመረው መጠየቅና ቶሎ መልስ መስጠት ነው። ያቺ ስልክ የምትደውለው ነርስ ነበረች ልዩነቱ። ያንን ጥናት ባሰብኩ ቁጥር የኛን ነርሶች አስባለሁ፤ አንዷ ለስንት ሰው እንደምትሮጥ አይቻለሁና። ቢሆንም ከኛ ጋር ባለው አቅምም ብዙ ይቻላል።

ለምሳሌ እናንተ ቤት። አንድ ደብተር ግዙ። በየምሽቱ፣ ከእራት በኋላ፣ እናትሽ ራሳቸው ከ0 እስከ 10 ቁጥር ይስጡ። 0 ምንም የለም፣ 10 ከዚህ የባሰ አይታሰብም። ሕመም፣ ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ። አራት ይበቃል። ከጎኑ ኬሞ ከወሰዱ ስንተኛ ቀናቸው እንደሆነ ጻፉ። እኛም ክሊኒክ ውስጥ የምንሠራበት “ኤድመንተን” የሚባል መለኪያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ካናዳ ውስጥ የወጣ፣ እሱም ከ0 እስከ 10 ነው። ሐሳቡን ከዚያ ነው የምወስድልሽ። ደብተሩን ይዛችሁ ስትመጡ ሐኪሙ በአንድ ደቂቃ ሦስቱንም ሳምንት ያያል። ሦስተኛው ቀን ላይ ማቅለሽለሹ 8 ከሆነ የትውከት መድኃኒቱ ይስተካከላል። ከ30ዎቹ ውስጥ የሌለውን ሌላ ነገርም እዚያው ጻፉ፤ በተለይ የእጅና የእግር ጣት መደንዘዝ፣ ቁልፍ መቆለፍ ማቃት። ወደፊት ፓክሊታክሴል የሚባለውን መድኃኒት የሚጀምሩ ከሆነ ይሄ ሊመጣ ይችላል። ቶሎ ካወቅነው መጠኑን እናስተካክላለን፤ ዘግይተን ካወቅን ግን ላይለቅ ይችላል። የሙቀት መለኪያም ይኑራችሁ። 38 ከደረሰ ደብተር ላይ ጽፎ ቀጠሮ መጠበቅ የለም። ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው፤ ኬሞ ላይ ያለ ሰው ትኩሳት ቀልድ አያውቅም።

ስለ 78ቱ ደግሞ በሚቀጥለው ቀጠሮ በቀጥታ አንሱት። “ዶክተር፣ ድካሙ 78 ተብሏል፣ ምንድን ነው ያደከማት?” በይ። ምክንያቱ ኬሞው ብቻ ላይሆን ይችላል። ደም ማነስ ሊሆን ይችላል፤ በደም ምርመራ ይታያል። በቂ አለመብላት፣ ሕመም የሚከለክለው እንቅልፍ፣ ኢንፌክሽን፣ ወይም ማንም ያልጠየቀው የሆድ መባስ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ የራሱ መፍትሔ አለው። ዝም ብሎ መተኛት ግን ብዙ ጊዜ ድካሙን ያብሰዋል። ሐኪሙ ከፈቀደ ኮሪደሩ ላይ ቀስ ብሎ ሁለት ሦስት ዙር መሄድ፣ አንድ ፎቅ ወርዶ መመለስ ይረዳል። ሃያ ስምንተኛው ጥያቄ የገንዘብ ነው። እሱ ላይ 4 ከተከበበም አትፈሩ፣ አትሸማቀቁበትም። ሆስፒታሉ ውስጥ የሶሻል ወርክ ክፍል ካለ እዚያ የሚወስዳችሁ መንገድ እሱ ነው። ከጤና መድን ጀምሮ የሚጠየቅ ነገር ይኖራል፤ ያልተናገረ ሰው ግን አይጠየቅለትም።

ወንድምሽንም አትቆጪው። እሱም ቢሆን የሚለካ ነገር ተሸክሟል። የአፍሪካ የማስታገሻ ሕክምና ማኅበር ያዘጋጀው ሌላ መጠይቅ አለ፤ አሥር ጥያቄ ብቻ። ሰባቱ ለሕመምተኛው ናቸው። ስለ ሕመም ብቻ ሳይሆን ልባቸው ሰላም መሆኑን፣ የሚሰማቸውን ለቤተሰብ ማካፈል መቻላቸውን ይጠይቃል። ሦስቱ ለአስታማሚው ናቸው፤ በቂ መረጃ አግኝተሃል ወይ፣ ለማስታመም በራስህ ትተማመናለህ ወይ፣ ምን ያህል ተጨንቀሃል። ቤተሰብ ስለ እናቱ ሳይሆን ስለ ራሱ ሲጠየቅ ምን እንደሚል ብትሰሚ ትገረሚያለሽ። ብዙ ወንድ ልጅ እዚያች ላይ ነው የሚሰበረው። ስለዚህ ማንበቡን ለነርሷ ተዉላት። የሙቀት መለኪያውንና ደብተሩን ለወንድምሽ ስጪው። በሥራ የሚያመሽበት ቀን አንቺ ያዢለት።

የቀረው የእናትሽ ፍርሃት ነው። እውነቱን ልንገርሽ፤ ፍርሃታቸው ከምንም የመነጨ አይደለም። ሰውነት በጣም ሲዳከም ኬሞ እናዘገያለን፣ መጠን እንቀንሳለን፣ አንዳንዴም እንቀይራለን። የደም ምርመራውንና የሰውነታቸውን አቋም አይተን ነው የምንወስነው፤ ወረቀት ላይ 4 ስለተከበበ ብቻ መድኃኒት ያቆመ ሐኪም አላውቅም። ብዙ ጊዜ የምናደርገው ስቃዩን ቀንሰን ሕክምናውን ማስቀጠል ነው። ኬሞን ይበልጥ የሚያስቆመው የተደበቀ ነገር ነው። ዝም ተብሎ የቆየ ትኩሳት፣ ዝም ተብሎ የቆየ አለመብላት። ሰው ሲወድቅ ነው የምናውቀው፤ ያኔ ምርጫችን ያንሳል።

ይሄንን ግን አንቺ አትንገሪያቸው። ካንቺ ከሰሙት ሊያጽናናቸው የተባለ ይመስላቸዋል። በቀጠሮው ቀን ከሚያክሟቸው ሐኪም ፊት ተቀምጣችሁ፣ “እናቴ ስለ ድካሟ ብትናገር መድኃኒቱን የምታቆሙባት ይመስላታል” በይ። ከዚያ ዝም በይ። ሐኪሙ ለሳቸው ይመልስላቸው። ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ፣ እስክሪብቶውም በሳቸው እጅ ይሁን።